ሥራ ሲያዝላችሁ ቆላ ውረዱ፦ አንድ ሳምንት አርባ ምንጭ ላይ፣ እንደ አቅማችሁ

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 ዓመቱ ተዘጋ ይባላል እንጂ የእኛ ጭንቅ የሚጀምረው ያኔ ነው። ቆጠራ አለ፣ ኦዲተር አለ፣ የግብር ማሳወቂያ አለ። ጥቅምት 30 እስኪያልፍ ድረስ ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይ ሰው ቢሮ ውስጥ አይገኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ ሰሞን መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተሬን ከፍቼ አንድ የቁጥር ረድፍ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ሌሊቱን በደንብ ተኝቼ ነበር፣ ሰውነቴ ግን ድንጋይ ሲሸከም ያደረ ይመስል ነበር። እናቴ ስትደውል ስልኩን እያየሁ ዝም እላለሁ። «ደህና ነኝ» ለማለት እንኳን አቅም አልነበረኝም።

ያኔ ነው አርባ ምንጭ የወረድኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ተመልሻለሁ። የመጀመሪያውን ጉዞ አበላሽቼዋለሁ፤ ኋለኞቹ ሁለቱ ግን በትክክል አሳርፈውኛል። ምን እንዳበላሸሁና ምን እንዳስተካከልኩ ነው የምጽፍላችሁ። የምጽፈው አዲስ አበባ ላይ በደመወዝ ለሚኖር፣ ዱባይም ዛንዚባርም ለማይታሰብለት ሰው ነው።

1. መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

በርንአውት የሚሉት የሥራ ዝለት ተራ ድካም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ትርጉሙን ሲያስቀምጥ በሽታ አላለውም፣ በወጉ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ያለው። ሦስት ምልክት ሰጥቶታል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መጥላት፣ እና የምትሠሩት ነገር ሁሉ ፍሬ የሌለው መስሎ መታየት። ሦስቱም ካሉባችሁ አንድ ቅዳሜና እሑድ አይበቃችሁም።

ግን ከመሄዳችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ብቅ በሉ። የደም ማነስም የታይሮይድ ችግርም ሰውን እንዲሁ ያዝላሉ፤ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሏችሁ፣ መኖር ራሱ ሸክም ሆኖባችሁ ከሆነ ደግሞ ጉዞው ይቆይ። ሐኪም ይቅደም። አማኑኤልም ሆነ ሌላ የአእምሮ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል መሄድ ነውር አይደለም፤ ብቻችሁን ሩቅ አገር አልጋ ተከራይታችሁ ከዚህ ሐሳብ ጋር እንድትቀመጡ አልፈልግም።

2. ፈቃዱን በሙሉ ልብ ውሰዱ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የራሱ ሕግ አለው፣ የሰው ሀብት ክፍልን ጠይቁ። ብዙ ሰው ይህን ፈቃድ ለልቅሶ፣ ለሰርግና ለቀበሌ ጉዳይ እየቆራረሰ ይጨርሰዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አሁን ስምንት የሥራ ቀን ያህሉን ገና በዓመቱ መጀመሪያ ለይቼ አስቀምጣለሁ። ሥራ የሚበዛበትን ወቅት አለቃችሁ ያውቀዋል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ እሱ እንዳለፈ ያለውን ሳምንት ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ለእኔ ኅዳር ነው።

ሥራችሁን የሚሸፍን አንድ ሰው ይኑር። ለእሱ ብቻ «እሳት ከተነሳ ደውልልኝ» በሉት። የቴሌግራም የሥራ ግሩፖችን ዝም አሰኟቸው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ግሩፑን ክፍት ትቼ፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ስለ አንድ የጠፋ ደረሰኝ ሁለት ሰዓት ስጽፍ ውያለሁ። አካሌ አርባ ምንጭ፣ ልቤ ቢሮ።

ቤተሰብም አለ። እናቴ ብቻዬን እንደምሄድ ስነግራት «ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ሐዋሳ አክስትሽ አለች አይደል፣ ለምን እዚያ አታርፊም?» አለችኝ። አክስቴን እወዳታለሁ፤ የሷ ቤት ግን እንግድነት ነው። ቡናው ሦስቴ ይፈላል፣ ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣል፣ «መቼ ነው የምታገቢው» ይከተላል፣ ደክሞሽ ጓዳ ብትተኚ ደግሞ «ምን አስቀይመናት ነው» ይባላል። ስለዚህ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት፦ «እማዬ፣ በጣም ደክሞኛል። ማታ ማታ እደውልልሻለሁ፣ ያለሁበትን ቤት ስልክ ይዘሽ ተቀመጪ።» በቃት። በየምሽቱ ደወልኩላት።

3. ለምን ቆላ? ለምን አርባ ምንጭ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አርባ ምንጭ 1,300 አካባቢ ነች። በ1,000 ሜትር ልዩነት ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ ይህን ሰውነታችሁ ከአውቶቡስ እንደወረደ ያውቀዋል። የኅዳር ብርድ አጥንት ሲሰብር ከርሞ፣ ጃኬት ሳይለብሱ ማታ ደጅ መቀመጥ ራሱ ትከሻን ያፍታታል። ቀን ቀን 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል።

ሌላም ምርጫ አለ። ጊዜያችሁ አራት ቀን ብቻ ከሆነ ሐዋሳ ይሻላችኋል፦ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ሐይቁ ከተማው ውስጥ ነው፣ አሞራ ገደል ሄዶ አሳ መብላት ይቻላል። ላንጋኖ ደስ ይላል፣ ግን ሎጆቹ ቅዳሜና እሑድ ኪስ ያራቁታሉ። ድሬዳዋም ሞቃት ናት፣ በባቡር ይሄዳሉ፣ ከምሳ በኋላ ከተማው ራሱ ስለሚያርፍ ተኝታችሁ ብትውሉ ማንም አይገርመውም። እኔ አርባ ምንጭን የመረጥኩት ስለራቀች ነው። ሐዋሳ ብሆን «ነገ ጠዋት ብቅ ብለሽ ተመለሽ» ይሉኛል። አርባ ምንጭ ያለ ሰው አይጠራም።

ወቅት ስትመርጡ ሚያዝያና ግንቦትን ራቁ፣ ዋናው ዝናብ ያኔ ነው። መስከረምና ጥቅምትም ይዘንባል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ግሩም ነው።

4. ብሩን አስሉ

የአልጋ ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር ቁጥር አልሰጣችሁም፣ አሠራሩን ልንገራችሁ። ሦስት ፔንሲዮን ደውላችሁ ዋጋ ጠይቁ። መካከለኛውን በሰባት ሌሊት አባዙ። «ሳምንት እቆያለሁ፣ ስንት ታደርጉልኛላችሁ?» ማለትን አትፍሩ፤ በሥራ ቀን ክፍላቸው ባዶ ስለሚሆን ብዙዎቹ ይቀንሳሉ። ምግቡን፣ የመሄጃና የመመለሻ ትራንስፖርቱን፣ ባጃጁን ደምሩበት። በጠቅላላው ላይ አንድ አምስተኛ ለድንገተኛ ጨምሩ። ድምሩ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ጉብኝት ቀንሱ፣ ሌሊት አትቀንሱ። የምትከፍሉት ለእንቅልፍ ነው።

ገንዘቡን ለማጠራቀም እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ትንሽ የዕረፍት ዕቁብ ጀመርን። ዕጣ አናወጣም፣ ተስማምተን ነው ተራ የያዝነው፤ የእኔ ተራ ኅዳር ነው። ብሩ ለሌላ ነገር አይነካም ብለን ተማምለናል።

አልጋ ስትይዙ ከተማዋ ሁለት ቦታ እንደሆነች እወቁ። ሲቀላ ታች ነው፦ መናኸሪያው፣ ገበያው፣ ርካሹ አልጋ፣ ሙቀቱና ጫጫታው እዚያ ነው። ሸቻ ላይ ነው፦ ነፋስ አለው፣ ጸጥ ይላል፣ ከጫፉ ሁለቱን ሐይቆች ያሳያል። ትንሽ ጨምሩና ሸቻ ያዙ። በስልክ እነዚህን ጠይቁ፦ ውሃ ቀን ከሌሊት አለ ወይ? አጎበር አለው ወይ? ማራገቢያስ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? አጠገቡ ጭፈራ ቤት ወይም ሌሊት የሚሠራ ድምፅ ማጉያ አለ ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሳልጠይቅ ገብቼ ሦስት ሌሊት ከግድግዳው ማዶ ሙዚቃ ሲደበድበኝ አድሬያለሁ። ለእንቅልፍ ለሄደ ሰው ከባድ ነገር ነው።

ሴቶች ብቻችሁን ከሆነ የምትሄዱት፣ ከዋናው መንገድ ብዙ ያልገባ ቤት ያዙ፣ ሳይመሽ ድረሱ፣ መጀመሪያ ቀን አንድ ደህና የባጃጅ ሹፌር ስልክ ከፔንሲዮኑ ሰዎች ተቀበሉ። ለሰባት ቀን እሱ ይበቃችኋል።

5. መንገዱ

አውቶቡሶች ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቦታው መገኘት አለባችሁ። አንዱ መንገድ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ ነው፣ ሌላው በሻሸመኔ ዞሮ ሶዶ ላይ ይገናኛል። ሙሉ ቀን ይፈጃል። ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ሶዶ አድራችሁ በማግስቱ ቀጥሉ፣ ማንም አላቻኮላችሁም። አውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዕቁቡ ከቻለ መመለሻውን በአውሮፕላን አድርጉት፣ ያረፈውን ሰውነት መልሶ አለማድከም ነው።

በየብስ ስትሄዱ በቀን ብቻ ተጓዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን መንገዱ ሰላም መሆኑን ትኬት ቆራጮቹንም ፔንሲዮኑንም ጠይቁ። እነሱ ከዜና በፊት ያውቃሉ።

ቦርሳው ቀላል ይሁን፦ ስስ የጥጥ ልብስ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ነጠላ ጫማ፣ ኮፍያ፣ አንድ ሹራብ (ደጋው ላይ ወዳለችው ዶርዜ ትወጣላችሁ)፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ፓወር ባንክ። ላፕቶፕ ቤት ይቅር። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጥሬ ብር ያስፈልጋል።

ወባን በቁም ነገር ያዙት። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ የወባ አካባቢ ነው፣ አርባ ምንጭ ደግሞ የታወቀች ናት። አጎበር ሳትዘረጉ አትተኙ። ከ12 ሰዓት ጀምሮ እጅና እግር ይሸፈን። ቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ሐኪም አማክሩ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ።

6. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፦ ምንም አታድርጉ

ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ የገባሁ ዕለት ማታ ዝርዝር ጻፍኩ፦ ነገ ጀልባ፣ ከነገ ወዲያ ዶርዜ፣ ከዚያ ኮንሶ፣ ከተቻለ ጂንካ። «እዚህ ድረስ መጥቼ ሳላይ?» አልኩ። ሁሉንም አየሁት። ተመልሼ ቢሮ ስገባ ከሄድኩበት የባሰ ደክሞኝ ነበር። ዕረፍቱንም እንደ ሥራ ሠራሁት፣ ቀጠሮና ሪፖርት ያለው።

በሁለተኛው ጉዞ ሦስት ቀን ሙሉ ከፔንሲዮኑ አንድ ኪሎ ሜትር አልራቅሁም። የመጀመሪያ ቀን ተኛሁ። ተነስቼ በላሁና መልሼ ተኛሁ። ሁለተኛው ቀን ከባድ ነው፣ ተዘጋጁለት፦ ራሴን አመመኝ፣ ያለ ምክንያት አለቀስኩ፣ «ሰው እየሠራ እኔ ምን እሠራለሁ እዚህ?» የሚል ጥፋተኝነት መጣብኝ። ትኬት ቆርጬ ልመለስ ነበር። ይህ የተበላሸ ዕረፍት ምልክት አይደለም፤ ለወራት ተወጥሮ የቆየ ሰውነት ሲላላ የሚያደርገው ነው። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ሥራ አላሰብኩም።

ቀኑን ሙቀቱ ራሱ ያደራጅላችኋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱና ሳይሞቅ ሸቻ ጫፍ ድረስ ተራመዱ። ከዚያ ስታዩ በስተግራ አባያ አለ፣ ቀላ ያለ፣ ደለል የያዘ ውሃ። በስተቀኝ ጫሞ፣ ጠራ ያለ ሰማያዊ። መሐላቸው ያለው ደን የለበሰ ጋራ የእግዜር ድልድይ ይባላል። እዚያ ቁጭ ብላችሁ ፀሐይ ስትወጣ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም። ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ሁኑ፣ ተኙ፣ ውሃ ጠጡ፤ ጥማት ሳይመጣ ጠጡ። አመሻሹ ላይ ደግሞ ትንሽ መራመድ።

ምግቡ ያግዛል። አሳው ትኩስ ነው፣ ጥብሱም ለብለቡም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ አሳ የማትበሉ ከሆነ በያይነቱ እንደ ልብ አለ። ሙዝና ማንጎ መንገድ ዳር በርካሽ ይሸጣል፣ እኔ ቁርሴን በፍራፍሬ ነው የምጨርሰው። እንደ ጎመን የሚሠራውን የሽፈራው ቅጠል በኩርኩፋ ሞክሩት፣ የበቆሎ ድፍን ነው፣ ያጠግባል። ቡና ከጠዋቱ አይለፍ። ጫትና መጠጥ ግን ለዚህ ሳምንት ይቅርባችሁ፤ ሁለቱም የምትፈልጉትን እንቅልፍ ይወስዱባችኋል።

7. ከአራተኛው ቀን በኋላ፦ በሁለት ቀን አንድ ነገር

አቅም ሲመለስ እግር ራሱ ይነሳል። ያኔም በሁለት ቀን አንድ ነገር ብቻ።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ከታች ደኑ ውስጥ ናቸው። ትልልቅ ዛፎች፣ ጥላ፣ የሚፈስ ውሃ ድምፅ። ጉሬዛም ዝንጀሮም አለ። ረጅም መንገድ አይደለም፣ ለመጀመሪያ መውጫ እሱን ምረጡ።

ጫሞ ላይ ጀልባ የሚከፈለው በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም፤ ስለዚህ ፔንሲዮኑ ውስጥ ሌሎች እንግዶች ካሉ ተጠራርታችሁ ተካፈሉት። አዞ ገበያ የሚሉት ቦታ ትልልቅ አዞዎች ዳር ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ታያላችሁ፣ ጉማሬም አለ። እጃችሁን ውሃ ውስጥ አትክተቱ፣ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ፈጽሞ አይሞከርም።

ዶርዜ ለመውጣት ሚኒባስ አለ፣ በአንድ ሰዓት ከሙቀቱ ወደ ደጋ ብርድ ይወስዳችኋል። ከቀርከሃ የተሠሩት ረጃጅም ቤቶች ፊታቸው ዝሆን ይመስላል። ምስጥ ከታች ሲበላቸው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፣ ካስፈለገም ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል። ቆጮውን ከምጣድ ላይ ትኩሱን በማርና በዳጣ ይሰጧችኋል። ሽሮ ሜዳ ከምናውቃቸው ሸማኔዎች ብዙዎቹ የመጡት ከዚህ ከጋሞ ነው። ጋቢ ከሠሪው እጅ ግዙ፤ እኔ ለእናቴ ገዝቼላታለሁ። ገዝታችሁ ስታበቁ ግን ተመለሱና ተኙ።

8. አመላለሱ

ስድስተኛው ቀን ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ምን እንዳደከማችሁ በግልጽ ጻፉ፣ «ሥራ በዛብኝ» ሳይሆን የትኛው ሥራ፣ በስንት ሰዓት፣ በማን በኩል የመጣው። ከዚያ ውስጥ ሊለወጥ የሚችል አንድ ነገር ምረጡ። የእኔ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚመጣ የሥራ መልእክት ነበር። ከአለቃዬ ጋር ተነጋገርን፣ ከጥቅምት በስተቀር ሌላው ጊዜ ላይ ተስማማን። ሙሉ አይደለም፣ ግን ማታ እራቴን ስልክ ሳላይ እበላለሁ። ወደዚያው ቢሮ፣ ወደዚያው ሰዓት፣ ምንም ሳይቀየር ከተመለሳችሁ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የነበራችሁበት ትደርሳላችሁ።

እሑድ ማታ አትግቡ። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ድረሱና አንድ ባዶ ቀን ለልብስ ማጠብ፣ ለቤተ ዘመድ ጥሪና ለብርዱ ተዉ። ሰኞ መጀመሪያ የተጠራቀመውን መልእክት ሁሉ ለመመለስ አትሞክሩ፤ ያን የሸፈነላችሁን ሰው «ምን አስቸኳይ አለ?» ብላችሁ ከዚያ ጀምሩ። ማንጎ ይዛችሁለት ሂዱ።

እና ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ወራትም ቢያልፉ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ «ድካሙ ተመልሶ ነው» ብላችሁ አትተኙበት። ያንኑ ቀን ደም ተመርመሩ፣ ለሐኪሙም አርባ ምንጭ እንደነበራችሁ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።